ለባሌ ያሸተትኩለት ብቅል

ባሌን አፍንጫው እንደ ከዳው የደረስኩበት እኔ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት ክፉ ትኩሳት ሁለት ሳምንት አጋድሞት ተነሣ። በተነሣ በሦስተኛው ቀን ምድጃ ላይ ሽንኩርት ጥጄ፣ ያጠበብኩትን ቀሚስ ለባለቤቷ ላስረክብ ወደ ታች ወረድኩ። ወሬ ይዞኝ ቆየሁ። ስመለስ የማረሩ ሽታ ደረጃው ድረስ ወርዶ ተቀበለኝ። ሽንኩርቱ ከሰል ሆኗል፤ ባሌ ከምድጃው ሁለት ክንድ ርቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ጋዜጣ ያነባል። «አንተ ሰውዬ፣ አፍንጫህን የት ጣልከው?» አልኩት። ለቀልድ ነበር። ጋዜጣውን አጥፎ ቀና ብሎ ሲያየኝ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

ሌላ ሰው አፍንጫው ቢጠፋ ይኖራል። አበባ ባያሸት ምን ይቀርበታል? የኔ ባል ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአፍንጫው ያደረ ሰው ነው። ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ብቅል የሚዘፈዘፍበትና የሚጠለልበት ክፍል ኃላፊ ነበር። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው፤ የተፈጨውን ብቅል በሙቅ ውሃ ትዘፈዝፋለህ፣ ጣፋጩ ወደ ውሃው ይወጣል፣ ገለባውን አጥልለህ ውሃውን ታፈላለህ። መቼ እንደ በቃው፣ መቼ እንደ ተበላሸ የሚያውቀው ግን ጋኑ ላይ አንገቱን አስግጎ የሚያሸት ሰው ነው። ሁሉም ቧንቧ ሊከፍት ሲጣደፍ እሱ ያሸትና «ሩብ ሰዓት ጨምሩለት» ይላል። ከዚህ የተነሣ ስሙ ጋሽ ሩብ ሆኖ ቀረ፤ የሠፈሩም ሰው በዚሁ ነው የሚጠራው። እኔም አልቃወምም፤ ለሰርጋችን እንኳ ሩብ ሰዓት አርፍዶ የመጣ ሰው ነው።

ያን ዕለት ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር በእኔ አፍንጫ ሠራ። ፋብሪካውና ቤታችን የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። በምሳ ሰዓት በካፖርቱ ኪስ ከጋኑ የቀዳበትን ትንሽ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል፣ ክዳኑን ከፍቶ ከአፍንጫዬ ሥር ያስጠጋልኛል። «ይሸታል?» ይለኛል። መልሼ ሳልጨርስ ደግሞ «ሌላስ?» ይላል። ሁልጊዜ ሁለቴ ነው የሚጠይቀው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስለ ቢራ የማውቀው ሰው እንደሚያሰክር ብቻ ነበር። በስምንት ወር ግን የዳቦ ቅርፊት የሚሸተውን ከእርጥብ ገለባ፣ ማር ማር የሚለውን ከተበላሸ እንቁላል ለይቼ የምናገር ሆንኩ። እሱም ፋብሪካ ተመልሶ የእኔን ቃል የራሱ አስመስሎ ይናገራል። አንድም ቀን አላሳፈርኩትም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ በኋላ የሆነውን ለመንገር ግድ ስለሚል ነው።

ፋብሪካው ስክሪን ያላቸው አዳዲስ ማሽኖች አስገባና አሮጌዎቹን ሠራተኞች በአበባና በጭብጨባ ሸኛቸው። ከዚያ ባሌ ሦስት ዓመት መስኮት ሥር ተቀመጠ። የወጣ የወረደውን ይቆጥራል፣ የእኔን የስፌት መኪና ድምፅ ይነቅፋል፣ ሾርባው ላይ ጨው ይነሰንሳል፣ ይነሰንሳል። ሰው ቤት ውስጥ እያለ ሲጠፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። አንዳንድ ቀን ቆሽቴ እያረረ «ተነሥተህ አንድ ነገር ሥራ» ብዬ እጮህበታለሁ፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃችን ነገሩ ከንክኗት ኖሮ አንድ ቀን ትልቅ ካርቶን ላከች። ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቂያ ማሽን ነው። ቁመቱ እስከ ወገቤ የሚደርስ የብረት ጋን፣ ከሥሩ ማሞቂያ፣ ከጎኑ ውሃውን ከታች ስቦ ከላይ የሚያፈስ ፓምፕ፣ ውስጡ ደግሞ ታቹ ወንፊት የሆነ ባልዲ። ብቅሉ ባልዲው ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ሲበቃው ባልዲው ተነሥቶ ጋኑ አፍ ላይ ይቀመጥና ውሃው ተንጠፍጥፎ ይወርዳል፤ እዚያው ጋን ውስጥ ይፈላል። መዘፍዘፉም፣ ማጥለሉም፣ ማፍላቱም በአንድ ዕቃ። ለሁለት ጊዜ የሚበቃ ብቅልም አብራ ልካለች። ባሌ ዞር ዞር ብሎ አየውና «ይሄ ድስት ነው» አለ። ከዚያ ግን እኔ የማላየው መስሎት በመዳፉ ደባበሰው። ቢሆንም አልነካውም፤ ወር ሙሉ ካርቶኑን ጠረጴዛ አድርጎ ጋዜጣ ሲያስቀምጥበት ከረመ።

ያስነሣው አንድ ማስታወቂያ ነው። ከእኛ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ከጎማ መሸጫው ጀርባ፣ አንዲት ሴትዮ ትንሽ የቢራ መጥመቂያ ልትከፍት ነው። ብቅል መዘፍዘፍና ማጥለል የሚያውቅ ሰው እንደምትፈልግ በሩ ላይ ለጥፋለች። ባሌ ገብቶ አነጋገራት። ዕድሜም ወረቀትም ግድ እንደማይሰጣት፣ ነገር ግን በገዛ እጁ የጠመቀውን ሁለት ጠርሙስ በአምስት ሳምንት ውስጥ እንዲያመጣላት ነገረችው። ቢራው ጥሩ ከሆነ የጋኖቹ ኃላፊ እሱ ይሆናል።

ቤት ሲመለስ ሌላ ሰው ነበር። ተላጨ። ካርቶኑን ቀደደው። ከዚያ የስፌት መኪናዬ አጠገብ መጥቶ ቆመና «አፍንጫሽን አውሺኝ» አለኝ።

ስለ አፍንጫው ለሴትዮዋ ነግሯት እንደሆነ ጠየቅኩት። አልነገራትም። ተቀጥሮ ሥራ ከጀመረ በኋላስ እኔ በየቀኑ እዚያ ልቆም ነው ወይ ስለው፣ እንደ ድሮው በኪሱ እንደሚያመጣልኝ ነገረኝ። ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ሳቅ ነው። ያንን ሥራ ካላገኘ ተመልሶ ወደዚያ መስኮት እንደሚሄድና ሁለተኛ እንደማይነሣ ያኔውኑ ገባኝ። ስለዚህ እሺ አልኩ።

የመጀመሪያው ጠመቃ ውርደት ነበር። ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ ብቅሉ ሽርክት ይሁን ይላል፤ ገለባው ሳይደቅ ፍሬው ብቻ ይሰበር ማለት ነው። ባሌ መመሪያውን አላነበበም። ሠላሳ አንድ ዓመት ብቅል ያጠለለ ሰው ከድስት ጋር የመጣ ወረቀት ያነባል? የፋብሪካው ማጣሪያ ግን ሌላ ነው፤ ሸራ ያለው ትልቅ መጭመቂያ ስለሆነ እንደ ዱቄት የላመ ብቅል ነበር የሚወደው። እሱም ወፍጮ ቤት ሄዶ የለመደውን አዘዘ። «አልመው» አለ። ወፍጮኛው አላመው። እኛ ቤት ባልዲው ውስጥ ውሃ ሲነካው ሙጫ ሆነ። ፓምፑ ከታች ይስባል፣ የሚወርድ የለም። ከላይ ያለው ውሃ በባልዲው ጠርዝ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ወለሌ ላይ፣ ስፌቴ ላይ፣ ለማግስቱ ያዘጋጀሁት የሰው ሱሪ ላይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ አፈሰስን እንጂ የሚለቀምም አልነበረም። ግማሹ ብቅል ቆሻሻ ገንዳ ገባ።

የተረፈው ብቅል ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሌላ ከሩቅ ታዝዞ እስኪመጣ አንድ ወር ይፈጃል፤ ቢራው ደግሞ ተጠምቆ ሦስት ሳምንት መቀመጥ አለበት። መመሪያውን እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት፤ እሱ ግድግዳውን እያየ ሰማኝ። ከዚያ ወፍጮ ቤት ሄዶ ሽርክት አስደረገው። ሙሉውን ግን አይደለም። ሩቡን አላመው። ለምን እንዳደረገው ስጠይቀው፣ ያለ ጥቂት ዱቄት ጣፋጩ ሁሉ እንደማይወጣ ነገረኝ። እልኸኛ ነው። ለሠላሳ ዓመት ትክክል የነበረ ሰው በአንድ ቀን ስህተት ነኝ ማለት ያቅተዋል፤ ይህን ደግሞ እኔም አውቀዋለሁ፣ ከሱ አልሻልም።

የሁለተኛው ጠመቃ ቀን ግን መናገር የምወደው ቀን ነው፤ እስከ ግማሹ ድረስ። ጠዋት ነበር። ውሃው ስልሳ ሰባት ዲግሪ ሲደርስ ብቅሉን እየነሰነሰ በረጅም የእንጨት ማማሰያ ያማስላል፤ አንዲት ጓል አላስቀረም። ክዳኑን ገጥሞ አንድ ሰዓት ጠበቀ፤ መቼም የታወቀ ነው፣ ሩብ ሰዓት ጨመረለት። ፓምፑ ሲነሣ መጀመሪያ የወጣው እንደ ጭቃ ውሃ የደፈረሰ ነበር። እሱ ቧንቧውን ጨርሶ አልከፈተውም፤ በሁለት ጣቱ ነካ፣ ነካ እያደረገ ያዘው። የደፈረሰው ተመልሶ በብቅሉ ላይ ይፈሳል፣ ገለባው ራሱ ያጠራዋል፣ ደግሞ ይወጣል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ብርጭቆ ቀድቶ ወደ መስኮቱ ወሰደኝ። «እዪ» አለኝ። በብርጭቆው ውስጥ ማዶ ያለው ፎቅ መስኮቶች ተቆጠሩ።

ባልዲውን አነሣና ጋኑ አፍ ላይ አሳረፈው። በጭልፋ ሙቅ ውሃ ያዘንብለት ጀመር፤ አንድ ጭልፋ፣ ከዚያ መጠበቅ፣ ደግሞ አንድ ጭልፋ። ልጃችንን በሕፃንነቷ ራሷን ሲያጥባት እንደዚያ ነበር። የስፌት መኪናዬን አቁሜ ቁጭ ብዬ አየሁት፤ ወደድኩትም። እውነቱን ለመናገር ከስንት ዓመት በኋላ ወደድኩት።

ከዚያ ማፍላት ጀመረ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ፈላ አፍንጫዬን አንድ ነገር ነካኝ። የሱፍ ጨርቅ ላይ ካውያ ስትረሺ ገና ቀለሙ ሳይለወጥ የሚመጣው ሽታ አለ፤ እሱ ነው። ያ የላመው ሩብ በወንፊቱ ቀዳዳ አምልጦ ወርዶ ማሞቂያው ላይ ተኝቷል፤ እያረረ ነው። ከላይ ውሃው ጥርት ብሎ ይንተከተካል፤ ከሥሩ ያለውን ማንም አያይም። የሚያውቀው አፍንጫ ብቻ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ያለው አፍንጫ ደግሞ የኔ ብቻ ነው።

«ይሸታል?» አለኝ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ ፊቱ በርቷል።

«ብቅል ብቅል ይላል» አልኩት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ደኅና ነው» አልኩት፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። ለምን እንዳልኩት ራሴን ጠይቄ አላቆምኩም። አዝኜለት ነው፤ ያን ፊት ማጥፋት አልሆነልኝም። ግን ማዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልቆጨኝ። ደክሞኝም ነበር። ጋኑ ከቤቴ እንዲወጣልኝ፣ እሱም ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ባል እንዲሆንልኝ ቸኩዬ ነበር። ደግሞ ሴትዮዋ ላታውቀው ትችላለች ብዬ ተስፋ አደረግኩ። በዓለም ላይ የኔ አፍንጫ ብቻ የሚያሸት መሰለኝ።

ከዚህ የባሰውንም ሠርቻለሁ። ቢራው እንዲቦካ ወደ ሌላ ዕቃ ከተገለበጠ በኋላ ባሌ ደክሞት ጋደም አለ። ጋኑን ለማጠብ አጎነበስኩ፤ ከታቹ ላይ ጥቁር ቅርፊት ተጣብቋል፣ የመዳፍ ያህል ነው። እሱ ቢያየው ዓይን አለው፤ ይገባው ነበር። በሽቦ ፈገፈግኩት። ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ፈገፈግኩት፤ ጥፍሬ ሥር የገባው ጥቁር ግን ሁለት ቀን አልለቀቀም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቢራው ጓዳ ተቀምጦ ሲቦካ እኔም አብሬው ስቦካ ከረምኩ። ለመናገር አፌን የከፈትኩባቸው ቀኖች ነበሩ። እሱ ግን የሥራ ልብሱን አውጥቶ ቁልፍ እንድተክልለት ይሰጠኛል፤ አፌን መልሼ እዘጋለሁ። ሲደርስ ቀመስነው። እሱ ምላሱ ላይ አዙሮ አዙሮ «አልመረረም?» አለኝ። ሆፑ ነው አልኩት፤ ቢራ የሚያስመርረው አበባ ማለቴ ነው። አመነኝ። ለምን አያምነኝም?

ቀኑ ሲደርስ አብሬው እንድሄድ ለመነኝ። ድንገት ሴትዮዋ ሌላ ነገር አሽትት ብትለው እኔ ከጎኑ ቆሜ በክርኔ ነካ እንዳደርገው ነበር ሐሳቡ። ሄድን። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ አራት ጋኖች ተደርድረው ይጠብቃሉ፣ ወለሉ ገና እርጥብ ነው። ሴትዮዋ መነጽር ያደረገች፣ ዝግ ብላ የምትናገር፣ ከልጃችን ጥቂት የምትበልጥ ናት። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችውና ፈገግ አለች። በዚህ ዓይነት ትንሽ ማሽን እንዲህ የጠራ አይታ እንደማታውቅ ተናገረች። ባሌ ቁመቱ ጨመረ። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ ፈገግታዋ ጠፋ። አንዴ ፉት አለች፤ አስቀመጠችው።

«ጋሼ» አለችው፣ «አሽትተውታል?»

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወለሉን አየሁ። ወለሉን ሳይ ያየኝ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የተናገረው ልንናገር የተስማማነውን አልነበረም።

«አፍንጫዬ አይሠራም» አላት። «አራት ዓመቱ ነው። ያሸተተችልኝ ባለቤቴ ናት።»

ሴትዮዋ ብርጭቆውን ከፊቷ ገፋ አደረገች። ከዚያ በአክብሮት ወደ እኔ ዞራ ማረሩ ሸቶኝ እንዳልነበር ጠየቀችኝ። ባሌም መልሴን ጠበቀ። አልሸተተኝም ብል አፍንጫዬ የማይረባ ነው፣ እሱም በማይረባ አፍንጫ የተሸወደ ምስኪን ነው፤ ሁላችንም በሰላም ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ያኔ እንኳ መዋሸት እችል ነበር።

«ሸቶኝ ነበር» አልኩ።

ሴትዮዋ ደግ ናት፤ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። እንዲህ የሚያጠልል እጅ ዳግመኛ እንደማታገኝ፣ ነገር ግን ሲያርር የማያውቅ ሰው ጋኖቹ ላይ ማቆም እንደማትችል ለስለስ አድርጋ አስረዳችው። አንድ ክፍት ሥራ ግን አለ፤ ከተጠለለ በኋላ የሚቀረውን አተላ በአካፋ እያወጣ ጋኖቹን የሚያጥብ ሰው። ለዕድሜው ይከብድ እንደሆነ ፈርታ እንጂ ልትጠይቀው እንደምትፈልግ ነገረችው። እኔ በልቤ እምቢ በል፣ እምቢ በል እላለሁ። እሱ ከሰኞ ጀምሮ መምጣት ይችል እንደሆነ ጠየቃት።

ወጣን። ጎማ መሸጫውን አለፍን፣ አንዱን መንገድ ጨረስን። ከቤታችን መታጠፊያ ላይ ቆመ።

«ብትነግሪኝ እደፋው ነበር» አለኝ።

«ሌላ ብቅል አልነበረም።»

«ባዶ እጄን እሄድ ነበር» አለ። «ባዶ እጅ አይሸትም።»

አልጮኸብኝም። ቢጮህ እኔም ጮሄ፣ አልቅሼ፣ ይቅር ተባብለን እናድር ነበር፤ እንደዚያ ነው የለመድነው። እሱ ግን ደረጃውን ቀድሞኝ ወጣ፣ እጁን ታጠበ፣ ምሳ አቅርቢ አለ። ያቺን ማሽን በነጋታው ካርቶኗ ውስጥ መልሶ ለልጃችን ላከላት። ለምን እንደ መለሳት ስትጠይቀው ቦታ ያዘችብን ብሎ ነገራት። የፈገፈግኩትን ቅርፊት እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ይኸው አምስተኛ ወሩ ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል፤ የተመኘሁትን አግኝቻለሁ ማለት ነው። ወገቡን ያመዋል፣ መዳፉ ተልጧል። አንዳንዴ የጋኖቹን ኃላፊ፣ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ፣ ቧንቧውን አለልክ ሲከፍት እያየ አካፋውን ተደግፎ እንደሚቆም ሴትዮዋ ነግራኛለች። ልብሱ የኮመጠጠ አተላ ይሸታል፤ ደረጃው ላይ ገና ሳይደርስ ቤቱ ውስጥ ሆኜ አውቀዋለሁ። እሱ አያውቀውም። አይጠይቀኝም፣ እኔም አልነግረውም፤ አጥባለሁ፣ አሰጣለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ «ይሸታል?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ባለፈው እሑድ ኩሽና ውስጥ ድንች እልጣለሁ፤ እሱ ትናንት የተረፈውን ወተት በብርጭቆ ቀዳ። አየው። ብርጭቆውን እንደያዘ በአጠገቤ አለፈ፣ ትከሻዬን ሊነካኝ ምንም አልቀረው፣ በሩን ከፍቶ ከፊት ለፊታችን የምትኖረውን የጎረቤታችንን በር አንኳኳ። ወተቱ ተበላሽቶ እንደሆነ እንድታሸትለት በትሕትና ጠየቃት። ጎረቤታችን ሳምንቱን ሙሉ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ እንደ ተደፈነ ነው፤ ድምፅዋ እንኳ በደንብ አይወጣም። አሸተተችለትና ደኅና እንደሆነ ነገረችው። አመስግኖ ተመለሰ።

በአጠገቤ ሲያልፍ ሸተተኝ። ገና ምላስ የማይደርስበት፣ አፍንጫ ብቻ የሚያውቀው ዓይነት ነበር።

«ኮምጥጧል፤ አትጠጣው» አልኩት።

ቆመ። ፊቴን አየኝ፤ ብዙ አየኝ። ከዚያ ብርጭቆውን አንሥቶ እስከ ታቹ ጠጣው፣ አጥቦም በአፉ ደፍቶ አስቀመጠው።